የያሮ ማሙት ፖርትሬት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አንድ የ1819 የአሜሪካ ሥዕል ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕሉ ምንድን ነው? የትስ ይገኛል?

ቻርለስ ዊልሰን ፒል የተባለ አሜሪካዊ ሰዓሊ በጃንዋሪ 1819 የሳለው የአንድ አዛውንት ፖርትሬት (የመልክ ሥዕል) ነው። ሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ነው። ግዙፍ ነገር እንዳትጠብቁ፤ ቁመቱ 61፣ ወርዱ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚያሳየውም ሰውየውን ከደረቱ በላይ ብቻ ነው።

የተሳለው ጆርጅታውን ነው። ጆርጅታውን ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ካሉት ውድ ሰፈሮች አንዱ ነው። ሥዕሉ ግን አሁን ያለው ፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ በ2011 እዚያው ከተማ ከነበረው የታሪክ ሙዚየም ገዝቶ ወሰደው።

ያሮ ማሙት ማን ነው?

በ1736 አካባቢ ምዕራብ አፍሪካ የተወለደ የፉላኒ ተወላጅ ነው። ሙስሊም ነበር። በ1752፣ ገና በ16 ዓመቱ ገደማ፣ ኤላይጃ በተባለች የባርያ መርከብ ተጭኖ ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ወደብ ደረሰ። እዚያ ሳሙኤል ቢል የሚባል ባለ መሬት ገዛው። ሳሙኤል ሲሞት ለልጁ ለብሩክ ቢል ተላለፈ። እንዲህ እያለ 44 ዓመት በባርነት ቆየ።

ነጻ የወጣበት ታሪክ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ብሩክ ቢል ጆርጅታውን ላይ ትልቅ ቤት ሊሠራ አስቦ ያሮን ጠራው። «እያረጀህ ነው፤ ለቤቱ የሚሆነውን ጡብ ሥራልኝና ነጻ አወጣሃለሁ» አለው። ያሮ ጡቡን ሠርቶ ጨረሰ። ቤቱ ሳይሠራ ግን ጌታው ሞተ። ቃሉ ከሰውየው ጋር ተቀብሮ ሊቀር ይችል ነበር። ሚስትየው ግን «ጡቡን ሠርቷል፣ ባሌም ቃል ገብቷል» ብላ በ1796 ለቀቀችው። ያን ጊዜ 60 ዓመቱ ነበር።

ሰዓሊውስ ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ፒል የተወለደው በ1741 ሜሪላንድ ነው። ሥራ የጀመረው በኮርቻ ሠሪነት ነው፤ ወደ ሥዕል የገባው ኋላ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተንን በ1772 ከፊቱ አስቀምጦ የሳለው እሱ ነው፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ስሎታል። የ17 ልጆች አባት ሲሆን ለብዙዎቹ የታላላቅ ሰዓሊዎችን ስም አወጣላቸው፦ ሬምብራንት፣ ራፋኤል፣ ሩበንስ፣ ቲሺያን። ስማቸው ብቻ አልቀረም፤ አንዳንዶቹ በእውነትም ሰዓሊ ሆነዋል።

ፊላደልፊያ ውስጥ የራሱ ሙዚየም ነበረው። ከ1802 ጀምሮ የነጻነት አዋጅ የጸደቀበት ሕንፃ ፎቅ ላይ ነበር። ደርቀው የተቀመጡ ወፎች፣ በ1801 አስቆፍሮ ያወጣው የማስቶዶን (ዝሆን መሰል የጠፋ እንስሳ) አፅም፣ ከላይ ደግሞ የታላላቅ ሰዎች ፖርትሬቶች በረድፍ። ይህ ሙዚየም ባይኖር ኖሮ የያሮ ሥዕልም የሚኖር አይመስለኝም።

ሥዕሉ ላይ ምን ይታያል?

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ቆቡ ነው። ባለ ቀለም መስመር የሱፍ ሹራብ ቆብ ግንባሩ ድረስ ወርዷል። ወቅቱ የፈረንጆች ክረምት፣ ብርድ ነው፤ ልብሱን ደራርቦ፣ ከላይ ከባድ ካፖርት ጥሏል። ከካፖርቱ ስር የሚያብረቀርቁ አዝራሮች ብቅ ይላሉ። አንገቱ ላይ ነጭ ሸሚዝ ይታያል። ከጀርባው ጠቆር ያለ ባዶ ግድግዳ ነው፤ መጋረጃ የለ፣ ዓምድ የለ፣ መጽሐፍ የለ።

ከዚያ ፊቱ። ፒል የግንባሩንና የዓይኑን ዙሪያ ሽብሽብ አንድ በአንድ ተከታትሎታል። ብርሃኑ ጉንጩ ላይ አርፏል። ዓይኖቹ ቀጥታ ወደሚያየው ሰው ያያሉ። ከንፈሩ ላይ ፈገግታ አለ፤ ጥርስ የሚያሳይ ሳቅ ሳይሆን አንድ የሚያውቁትን ቀልድ ለመናገር ያሰቡ ሽማግሌ የሚያሳዩት ዓይነት። በዚያ ዘመን ፖርትሬት ላይ ፈገግታ ብርቅ ነው። ኮስተር ማለት የክብር ምልክት ነበር። ፒል ያሮን ኮስተር አላደረገውም። ምናልባት ሰውየው ራሱ እምቢ ብሎት ይሆናል።

ፒል ያሮን ለምን መሳል ፈለገ?

በዕድሜው ምክንያት። ፒል በ1818 መጨረሻ ዋሽንግተን የመጣው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮንና ሌሎች ትልልቅ ባለሥልጣናትን ለሙዚየሙ ሊስል ነው። እዚያ እያለ «ጆርጅታውን ውስጥ 140 ዓመት የሆነው ሰው አለ» የሚል ወሬ ሰማ። ማን ሊያስቆመው! ፒል ረጅም ዕድሜ የሚባል ነገር ያሳብደው ነበር። ሰው በልክ ቢበላና ከመጠጥ ቢርቅ 200 ዓመት መኖር ይችላል ብሎ ያምን ነበር። በ1803 ስለ ጤና አጠባበቅ ያሳተመው ጽሑፍም አለ። ራሱም ያሮን ሲስል 77 ዓመቱ ነው።

ስለዚህ ፒል ሲመጣ አንድን ባርያ የነበረ ሰው ሊያከብር አስቦ አልነበረም። የመጣው የሳይንስ ማስረጃ ፍለጋ ነው። ካገኘው በኋላ ግን ሰውየው ራሱ ማረከው። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ስለ ያሮ የጻፈው ከዕድሜ ጉዳይ እጅግ ያለፈ ነው።

እውነት 134 ዓመቱ ነበር?

አልነበረም። ፒል ወሬውን ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ የቢልን ቤተሰብ ጠይቆ፣ ደምሮ ቀንሶ 134 ላይ ደረሰ። ስሌቱ ግን የተሳሳተ ነበር። መርከቧ የገባችው በ1752 ነው፤ ያሮም ያኔ ልጅ እግር ነበር። ሥዕሉ ሲሠራ ትክክለኛ ዕድሜው 83 ገደማ ነው። ለዚያ ዘመን፣ ያውም 44 ዓመት በባርነት ላሳለፈ ሰው፣ እሱም ቢሆን ቀላል ዕድሜ አይደለም።

ስንት ቀን ፈጀ? ያሮስ ከፍሎበታል?

ሁለት ቀን። በመጀመሪያው ቀን ፒል ከጧት እስከ ማታ ሠርቶ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ልብሱንና ጀርባውንም ጨረሰ። ትንሽ ማስተካከያ ቀርቶት ለማግስቱ ጧት ቀጠረው፣ በቃ።

ያሮ አልከፈለም፤ ሥዕሉንም ያዘዘው እሱ አይደለም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ፎቶግራፍ ለሕዝብ የቀረበው በ1839 ነው፤ ከዚያ በፊት መልክህ እንዲቀር ከፈለግክ ለሰዓሊ መክፈል ነበረብህ። ዋጋው የዋዛ አልነበረም። በዘመኑ አንደኛ የነበረው ጊልበርት ስቱዋርት ለአንድ ከደረት በላይ ፖርትሬት 100 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ይህችን 100 ዶላር ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ትመጣለች።

ነጻ ከወጣ በኋላ በምን ኖረ? ሀብታም ነበር ይባላል።

ሀብታም ማለት ይከብዳል፤ የራሱ ቤትና የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ነበር ማለት ይሻላል። በ60 ዓመቱ ከዜሮ ጀመረ። ቀን በደመወዝ ይሠራል፤ ማታ ቅርጫትና መረብ ይሠራል። በጉልምስናው ዘመን ፖቶማክ ወንዝ ላይ እንደሱ የሚዋኝ አልታየም ይባልለት ነበር። ይህ ሁሉ በ1816 በታተመ የዋሽንግተን አካባቢ መግለጫ ላይ ተጽፏል፤ ማለትም ሰውየው በሕይወት እያለ፣ ፒልም ሳያገኘው በፊት።

ሲያጠራቅም ሲያጠራቅም 100 ዶላር ሞላለት። ቤቱ ማስቀመጥ ስለፈራ ለአንድ ሽማግሌ ነጋዴ አደራ ሰጠ። ነጋዴው ሞተ፤ ሲታይ ለአደራ መክፈያ የሚሆን ሰባራ ሳንቲም አልተወም። ያሮ እንደገና ከሀ ጀመረ። ሌላ 100 ዶላር አጠራቀመ። አሁንስ ሽማግሌ ይሞታል ብሎ ለወጣት ነጋዴ ሰጠ። ወጣቱ ከሰረና አገር ጥሎ ጠፋ። የስቱዋርት ሁለት ፖርትሬት ዋጋ እንደዋዛ ውሃ በላው ማለት ነው። በሦስተኛው 200 ዶላር ሲያገኝ አንድ ወዳጁ መከረውና ባንክ አስገባው። በስሙ የኮሎምቢያ ባንክ አክሲዮን ገዛ። ባንክ አይሞትም፣ አገር ጥሎም አይሄድም የሚል ሒሳብ ነው።

ጆርጅታውን ውስጥ ቦታና ቤት የገዛውም በ1800 ነው። ቦታው ዛሬ ዴንት ፕሌስ የሚባለው መንገድ ላይ ይገኛል። ሲያረጅ ደግሞ ራሱ አበዳሪ ሆነ። ከሞተ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ የእህቱ ልጅ ናንሲ ሂልማን ያልተመለሰ ብድሩን ይዛ ተበዳሪውን ወገን ፍርድ ቤት አቁማለች።

ሙስሊም እንደነበር በምን ይታወቃል?

በአብዛኛው ከፒል ማስታወሻ ነው። ያሮ መንገድ ላይ ፈጣሪውን እያመሰገነ ሲያዜም ብዙ ጊዜ ይታይና ይሰማ እንደነበር ጽፏል። የሰፈሩ ሰዎች የአሳማ ሥጋ ብላ፣ ውስኪ ጠጣ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አሳማ መብላት ጥሩ አይደለም፣ ውስኪ መጠጣትም በጣም መጥፎ ነው ብሎ ይመልስላቸዋል። ልጆች ሲያሾፉበትም አይቆጣም። ለፒል የነገረው ሌላም ነገር አለ፦ ሃይማኖቱ ከልብ ካልመጣ ሰው ምንም አይረባም።

ይህን ሁሉ የምናገኘው በፒል ብዕር በኩል መሆኑ እንዳይረሳ። ያሮ ስለ ራሱ የጻፈው ሕይወት ታሪክ የለም። ግን ከ60 ዓመት በላይ ብቻውን በሚባል ሁኔታ፣ መስጊድ በሌለበት አገር እምነቱን እንዲህ በአደባባይ መያዙ ያስገርማል። እኔን ከቤቱም ከአክሲዮኑም በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው የሙስሊም ፖርትሬት ነው?

እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ታያላችሁ፤ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሱ በፊት በባርነት አሜሪካ የቆየ ሙስሊም በዘይት ቀለም ተስሏል፦ አዩባ ሱሌይማን ዲያሎ። እሱም ፉላኒ ነው፤ እሱም የተሸጠው ሜሪላንድ ነው። ነገር ግን ተለቅቆ እንግሊዝ አገር ስለሄደ በ1733 የሳለው እንግሊዛዊው ዊልያም ሆር ነው። ያ ሥዕል በ2009 ጨረታ ላይ በኳታር ሙዚየሞች ተገዝቶ ለለንደኑ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ በውሰት ተሰጥቷል።

ስለዚህ የያሮን ሥዕል «አሜሪካ ውስጥ ከተሳሉት ቀደምት የሙስሊም ፖርትሬቶች አንዱ» ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም።

ሌላ ምስል አለው?

አለው። ጄምስ አሌክሳንደር ሲምፕሰን የተባለ የጆርጅታውን ሰዓሊ በ1822፣ ያሮ ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት ስሎታል። የሥዕሉ ባለቤት የዲሲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የጆርጅታውን ቅርንጫፍ ነው። ሕንፃው በ2007 በእሳት ሲቃጠል ሥዕሉ ተርፏል።

ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ አበሾች፣ ቤተ መጻሕፍቱ አር ስትሪት ላይ ነው፤ የአካባቢው ታሪክ የሚቀመጥበት ክፍል ፒቦዲ ሩም ይባላል። ሥዕሉ አንዳንዴ ለሌላ ሙዚየም በውሰት ስለሚሄድ መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት ደውሉ። ዴንት ፕሌስም ሩቅ አይደለም፤ በእግር ይደረሳል።

«የጆርጅ ዋሽንግተን አሽከር ሥዕል ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ስህተት ነው፤ ግን ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ፒል በ1827 ሞተ። ሙዚየሙ ቆይቶ ተዘጋ፤ ሥዕሎቹም በ1854 በጨረታ ተሸጡ። በዚያ መሃል የያሮ ስም ከሥዕሉ ተነጠለ። አንድ ጥቁር ሽማግሌ፣ ሰዓሊው ደግሞ የዋሽንግተን ሰዓሊ። ሰዎች ሁለቱን ደመሩና ዋሽንግተንን በባርነት ያገለግል የነበረው ቢሊ ሊ ነው አሉ። አንድ ጥቁር ሰው በራሱ ስም ፖርትሬት ሊኖረው ይችላል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ የግድ የአንድ ትልቅ ሰው አሽከር መሆን ነበረበት።

ስሙን የመለሰለት በ20ኛው ክፍለ ዘመን የፒል ዘር የሆነው የታሪክ ጸሐፊ ቻርለስ ኮልማን ሴለርስ ነው። የፒልን ወረቀቶች ከሥዕሎቹ ጋር እያስተያየ ነው የደረሰበት።

የት ተቀበረ?

ያሮ የሞተው በ1823 ነው። በጋዜጣ የወጣው የሞቱ ዜና የተቀበረው ግቢው ውስጥ፣ ዘወትር ይጸልይበት በነበረው ማዕዘን እንደሆነ ይናገራል። ቦታው ላይ አዲስ ቤት ሊሠራ ሲል በ2015 የዲሲ ከተማ አርኪዮሎጂስቶች ቆፈሩ። አፅሙ አልተገኘም።

ስሙ ግን ሌላ ቦታ ተርፏል። የልጁ የአኩዊላ ሚስት ፖሊ በሜሪላንድ ገጠር የታወቀች አዋላጅ ነበረች። የኖረችበት መንደር በያሮ ስሟ ያሮስበርግ ተብሎ ቀርቷል።

ይህን «የጨዋ ሰው ፖርትሬት» ማለት ይቻላል? ያሮ እኮ ጌታ አልነበረም።

በዘመኑ ትርጉም አይቻልም። ያኔ እንዲህ ያለ ማዕረግ የሚሰጠው መሬትና ዘር ለቆጠረ፣ ነጭ ለሆነ ሰው ነው። ሙዚየሞች ውስጥ «የአንድ ጨዋ ሰው ፖርትሬት» የሚል መግለጫ ብቻ ያላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሉ፤ ጥቁር ኮት፣ ነጭ የአንገት ጨርቅ፣ ስም የለሽ ፊት። ከፍለው ተሳሉ፣ ስማቸው ግን ጠፋ። የያሮ ነገር ግልባጩ ነው፤ ሳይከፍል ተሳለ፣ ስሙም ተመለሰ።

እኔ የሚሻለኝ አሳሳሉን ማየት ነው። ፒል ለሙዚየሙ የፕሬዚዳንቶችንና የጄኔራሎችን ፊት ሲስል የሚጠቀምበት የታወቀ ልክ ነበረው፦ ከደረት በላይ፣ ያለ ጌጥ፣ ከዚህ ሸራ ጋር የሚቀራረብ መጠን። ያሮን የሳለውም በዚያው ልክ ነው። ትሪ አላስያዘውም፤ የሌላ ሰው ሥዕል ጥግ ላይ አላቆመውም። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ሥዕል ውስጥ ሲገባ በብዛት የሚቆመው እዚያ ጥግ ላይ ነው።

ፒል ራሱስ ባርያ አልነበረውም?

ነበረው። ይህን ሳያነሱ ሥዕሉን ብቻ ማወደስ ልክ አይመስለኝም። ሞሰስ ዊልያምስ የሚባል ልጅ ፒል ቤት በባርነት አድጓል። የፒል ልጆች ሥዕል ሲማሩ እሱ የተማረው በመሣሪያ እየታገዘ የሰውን ጥላ ምስል ከወረቀት መቁረጥ ነው። ዘይት ቀለም ለእሱ አልነበረም። ነጻ የወጣው በ1802፣ በ27 ዓመቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞሰስ በዚያው ሙዚየም ለጎብኚዎች ምስል እየቆረጠ በሳንቲም ይሸጥ ጀመር። ነጻ በወጣ በማግስቱ ዓመት ብቻ ከ8000 በላይ ምስል እንደቆረጠ ይነገራል። ባገኘው ገንዘብ ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤት ገዛ። ፒል ቤት ምግብ አብሳይ የነበረችውን ነጭ ሴትም አገባ። እንግዲህ ፒል በ1819 ያሮ ቤት ሄዶ፣ ቆጥቦ ባለ ቤት በሆነ ጥቁር ሰው ሲደነቅ፣ ሌላው እንዲህ ያለ ሰው ፊላደልፊያ ውስጥ ስሙን ሳይሆን የፒልን ሙዚየም ማህተም የያዙ ምስሎች ሲቆርጥ ኖሯል። ከእነዚያ ብዙዎቹ የሞሰስ እጅ ሥራ መሆናቸውን የታሪክ ሰዎች አጥብቀው መናገር የጀመሩት በቅርብ ጊዜ ነው።